የአባ ማይክሮን ቱቦዎች

ጥቅምት 4

ለውድ አጎቴ፣ ለጋሼ

ሰላምታዬ ባሕርና ተራራ ተሻግሮ፣ የመሥሪያ ቤትህን ሦስት ዘበኞች አልፎ፣ ጠረጴዛህ ድረስ ይግባ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ አባዬም ደህና ነው። ሰላምታው አምስት መስመር ካልሞላ እማዬ ፖስታውን አላሽግም ስለምትል ልድገመው፦ እንደምን ከረምክ፣ አሁንም እንደምን ከረምክ። ሞላ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ አይግረምህ። አንተና አባዬ በስልክ ስትገናኙ "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ።" "ሌላስ?" "ሌላም ደህና" ተባብላችሁ ትዘጋላችሁ። ወንድማማቾች ሳይሆን ተራ የሚቀያየሩ ዘበኞች ነው የምትመስሉት። ስለዚህ የቤቱ ዜና ዋና አዘጋጅ እኔ ሆኛለሁ።

የዛሬው ዜና አባዬ ትልቅ ሥራ ማግኘቱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የብረት መቅረጫ ቶርኖው ላይ ጎብጦ የወፍጮ ዘንግ ሲቀርጽ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አሁን አንድ ባለ ቦርሳ ደንበኛ መጥቶ "በዚህ ከተማ ይህን መሥራት የሚችል እጅ የእርስዎ ብቻ ነው አሉኝ" አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ ቤት ሲገባ ጎንበስ ይላል። በሩ የድሮው በር ነው፤ እሱ ግን የረዘመ መስሎታል።

የታዘዘው ቱቦ ነው። ግድግዳው ስስ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ አምስት መቶ ፍሬ። ለወተት ማሽን ነው አሉ፤ ወተቱን በኃይል አሽከርክሮ ቅባቱን ለሚለይ። የሚፈቀደው ስሕተት በማይክሮን የሚቆጠር፣ ከጸጉር ብዙ እጅ የቀጠነ ነው። ሠራተኞቹ አባዬን "አባ ማይክሮን" የሚሉት በከንቱ አይደለም፤ ሌላው የሚሸሸውን ሥራ እሱ እንደ ሠርግ ነው የሚያየው።

በቀደም ምሳ ላይ "አባዬ፣ ላም ይሄን ያህል ትክክለኛነት አትፈልግም። ይሄ ቦምብ ነው" አልኩት። ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ። ከዚያ "ቢሆንስ? ልኩ ይጠበቅ" አለኝ። እማዬ በሳቅ ውሃ ትን አላት። አንተ ሰው ሁሉ የኒውክሌር ቦምብ እንዳይሠራ የምትጠብቅ ስለሆንክ ትስቃለህ ብዬ ነው የጻፍኩልህ። በነገራችን ላይ፣ ጎረቤቱ ቦምብ በእጅህ የምትይዝ ነው የሚመስለው። ሥራህ ዕቃ ላይ የታሰረ ማኅተም በአጉሊ መነጽር ማየት መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም። ውለታዬን አትርሳ።

አንድ ልመና አለኝ፤ የሒሳብ መምህራችን ግዙ ያሉን ዓይነት ካልኩሌተር። ጥቁር ይሁን።

አንተው ባወጣህልኝ ስም፣
መርፌ


ጥቅምት 21

ለተወደድሽው የወንድሜ ልጅ

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽና ወንድም ጋሼ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ አስቆኛል። ካልኩሌተሩን ገዝቻለሁ፤ በዚህ ሳምንት ይላካል።

ስለ ወንድም ጋሼ አዲስ ሥራ የጻፍሽውን ወድጄዋለሁ። ለጠቅላላ እውቀት ያህል ጥቂት ነገሮች ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል። ብረቱ ምን ዓይነት ነው? ልኩ በትክክል ስንት ነው? ደንበኛው ከየትኛው ድርጅት ነው የመጣው? ተረፈ ብረቱ የት ይሄዳል? እስካሁን ስንት ቱቦ ተረከበ?

ጥያቄዎቹን ለወንድም ጋሼ ማንሳት አያስፈልግም። እንዲያው ለእኔ ነው።

በትምህርትሽ በርቺ።
አጎትሽ


ኅዳር 2

ለጋሼ፣ ለጠቅላላ እውቀት አፍቃሪው

ሰላምታዬ እንደ ባለፈው አምስት መስመር ነው፤ በልብህ ቁጠረው።

አንተ "ለጠቅላላ እውቀት ያህል" ስትል የጥርስ ሐኪም "ትንሽ ነው የሚሰማሽ" የሚለው ትዝ አለኝ። ግን ካልኩሌተሩ ስለደረሰኝ ተገዝቻለሁ። ምሳ ላደርስ ቶርኖ ቤት ስሄድ አባዬ እጁን ሲታጠብ ጠብቄ ቱቦውን በራሱ ካሊፐር ለካሁ። ካሊፐሩን ከመንካቴ በፊት እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤያለሁ፤ ሕጉ እንደዚያ ነው፣ እማዬን እንኳ አያስነካም። ቁጥሩን ለብቻው ወረቀት ላይ ጽፌ አያይዤዋለሁ። ብረቱን ደንበኛው ራሱ ነው የሚያመጣው። አባዬ "እንዲህ ያለ ብረት በሕይወቴ አልቆረጥኩም" ይላል፤ ስለ እማዬ እንኳ እንዲህ ሲናገር አልሰማሁም።

ባለ ቦርሳው በየሐሙሱ በኪራይ መኪና ይመጣል። ሐሙስ በመጣ ቁጥር መኪናው ሌላ ነው። ፍቅፋቂውን እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት አስጠርጎ በከረጢት ይወስዳል። አባዬ "ንጹሕ ደንበኛ" ይለዋል። ንድፉንም ማታ ማታ መልሶ ይቀበላል፤ የድርጅቱ ስም የሚጻፍበት ጥግ በመቀስ ተቆርጧል። የወተት ማሽን ንድፍ ይሰረቅብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እስካሁን መቶ ሰማንያ ወስዷል።

አሁን የእኔ ተራ። ትምህርት ቤት ስለዚያ ስምምነታችሁ ተማርን። ቦምቡ ያላቸው ጥቂት መንግሥታት ለሌሎቹ "እናንተ አትሥሩ፣ እኛም የእኛን ቀስ በቀስ እንቀንሳለን" ብለው ተፈራርመዋል አሉን። እጄን አውጥቼ "ቀስ በቀስ ማለት ስንት ዓመት ነው?" አልኩ። መምህሩ ከክፍል አስወጡኝ። አንተ እዚያው ስለሆንክ ጠይቅልኝ።

መርፌ


ኅዳር 19

ለልጄ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

ጥያቄሽን እዚህ ባነሳው እኔንም ያስወጡኛል። ያላቸው ቀንሰው አልጨረሱም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም እያደሱት ነው። የሌላቸው ይህን ያያሉ። ከእነሱ መካከል አንዱ "ለምን እኔ ብቻ?" ማለት ሲጀምር እኛን ይልኩናል። እኛ ደግሞ የምንገባው በራቸውን የከፈቱልን ቦታ ብቻ ነው። የተነገረንን እንቆጥራለን፤ ያልተነገረንን ማን ይቆጥረዋል?

አሁን በጥሞና አንብቢ። በኃይል የሚሽከረከር ቱቦ የሚለየው ወተት ብቻ አይደለም። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ወንድም ጋሼ ሥራውን ማቆም አለበት። ማሽኑ ተበላሸብኝ ብሎ ለደንበኛው ይንገር። ምክሩ ከእኔ መምጣቱን አትናገሪ። እንደምንም ብለሽ አሳምኚው፤ አንቺ ትችያለሽ።

ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ቅደጂው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 1

ጋሼ

እንደምን ነህ? እኔ ደህና አይደለሁም።

ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አነበብኩ። ዩራኒየምን ጋዝ አድርገው እንዲህ ባለ ቱቦ ያሽከረክሩታል፤ ከባዱ ከቀላሉ ይለያል። ቱቦው ብዙ ከሆነና ጊዜ ከተሰጠው የሚወጣው ለቦምብ ይሆናል። መጽሐፉን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። ያው ነበር።

"አባዬ፣ ማሽኑ እንግዳ ድምፅ እያወጣ ነው፤ ሥራውን ብታቆም" አልኩት። በጣም ደነገጠ። ሁለት ቀን ሙሉ ቶርኖውን ፈታትቶ፣ ጠርጎ፣ ቀብቶ መልሶ ገጠመው። ምንም አላገኘም። "እንደ ሕፃን ልብ ነው የሚመታው" አለኝ። ያባከነውን ሁለት ቀን ለማካካስ እሑድንም የሥራ ቀን አደረገው። አየህ፣ በእኛ ውሸት ምክንያት ከቀጠሮው ቀድሞ ሊጨርስ ነው። ማሽን ተበላሸ ሲባል ሥራ የሚጨምር ሰው የእኛው ብቻ ነው።

ከዚያ እውነቱን ነገርኩት። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ ሳልስቅ፣ "ለቦምብ ነው አባዬ" አልኩት።

"ይህችን ቀልድ ጨርሰናታል" አለኝ። "አዲስ አምጪ።"

እማዬን ነገርኳት። "አባትሽን አታድርቂው" አለችኝ። እውነት ስናገር ምን እንደምመስል እዚህ ቤት የሚያውቅ ሰው የለም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

ጋሼ፣ አንተ ደውልለት። ካንተ ከሰማ ያምናል።

መርፌ

(ደብዳቤህን አልቀደድኩትም። ትእዛዝ ስለማልወድ ነው።)


ጥር 18

ጋሼ

ደውለህ ነበር። አባዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ስለሚያደርገው በሩ ጋ ቆሜ ሰማሁህ። "ደህና ነህ?" አልከው። "ደህና ነኝ" አለህ። "ሌላስ?" አለህ። አሁን ትነግረዋለህ ብዬ ግድግዳውን ያዝኩ። "ሌላም ደህና" ብለህ ዘጋኸው።

የመጨረሻዎቹ ቱቦዎች ባለፈው ሐሙስ ሄዱ። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዎች መጡ። ቶርኖው ሳይጠፋ አባዬን ያዙት። "ቢላዋውን ላንሳው፣ ሥራው ይበላሻል" አላቸው፤ አልፈቀዱለትም። ብረቱ ሲፋቅ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። መሐንዲስ ነው የሚባል አንዱ ሰውዬ በመጨረሻ የተሳሳተ ቁልፍ ተጭኖ አጠፋው። ከዚያ በሩን በሽቦና በማኅተም አሸጉት።

ክሱ ለጦር መሣሪያ የሚውል ዕቃ እያወቁ ሠርቶ ማስተላለፍ ነው። የባለ ቦርሳው ስልክ "ይህ ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም" ይላል። እማዬ በየግማሽ ሰዓቱ ትደውላለች፤ ያችው ሴትዮ ያንኑ ትነግራታለች።

ምን እናድርግ? ካልኩሌተር አልጠየቅኩህም፣ ምንም አልጠየቅኩህም። ምን እንደምናደርግ ብቻ ጻፍልኝ።

መርፌ


የካቲት 2

ጋሼ

ሰላምታውን እለፈው። ትጽፋለህ ወይስ አትጽፍም?


የካቲት 15

ለልጄ

እንደምን አለሽ ብዬ ለመጀመር አፈርኩ።

ያስያዝኩት እኔ ነኝ።

ልኩን የጻፍሽበትን ወረቀት ያየሁ ቀን ቱቦው ለምን እንደሚውል አወቅሁ። በመሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። እኔ አርባ ቀን ያዝኩት። በዚያ ሁሉ ቀን ያደረግሁት "ማሽኑ ተበላሸ ይበል" ብዬ መጻፍ ብቻ ነው፤ እሱም ክልክል ነው። ከዚያ ያንን ስልክ ደወልኩ። ይቀዳል ብዬ ፈርቼ ነበር ብልሽ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ የወንድም ጋሼ ድምፅ ውስጥ ደስታ ሰማሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ስዘጋው ተነስቼ አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። ከየት ሰማህ ሲሉኝ "ከታማኝ ምንጭ" አልኩ።

ደንበኛውን ይከተሉታል፣ በእሱ በኩል ቱቦው የሚገባበትን በር ያገኙታል ብዬ ነበር። ደንበኛው አራት ፓስፖርት ነበረው፤ አሁን በአምስተኛው ይሆናል። ቱቦው ድንበር ተሻግሯል። ከዚህ ሰንሰለት ሁሉ አድራሻ ያለው ወንድም ጋሼ ብቻ ስለነበረ እሱን ያዙ።

አንድ ተስፋ አለ። የጥቅምቱ ደብዳቤሽ እጄ ላይ ነው። ማንም ምንም ሳይጠረጥር የተጻፈ ነው፤ የፖስታ ቤቱ ቀን አለበት። ወንድም ጋሼ ለወተት ማሽን ነው ብሎ ማመኑን ያሳያል። ለጠበቃው ንገሪው።

አጎትሽ


የካቲት 24

ጋሼ

ታማኝ ምንጭ ነኝ። እማዬ "ከክፍል ስንተኛ ወጣሽ?" ስትለኝ እንዲህ ብዬ እነግራታለሁ።

ሦስት ቀን ላንተ የምጽፈውን ስድብ ስመርጥ ቆየሁ። መልሼ ሳስበው ካሊፐሩን የያዘው የእኔ እጅ ነው፤ ስድቡ ሁለታችንንም ስለሚነካ ተውኩት። ለእማዬ እስካሁን አልነገርኳትም።

ጠበቃውን አናገርኩት። ደብዳቤው ጥሩ ነው አለ። ቀጥሎ "ሌላ ምን ይላል?" አለኝ። ያኔ ምሳው ትዝ አለኝ። "ይሄ ቦምብ ነው።" "ቢሆንስ? ልኩ ይጠበቅ።" ጠበቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አባዬን ነጻ የሚያወጣው ወረቀት ራሱ ያስፈርድበታል።

የምሳው ወሬ አራት መስመር ነው። ደብዳቤውን አዲስ ወረቀት ላይ እንደገና እጽፈዋለሁ፤ ያው ሰላምታ፣ ያው በር፣ ያው ወተት፣ ያው ካልኩሌተር። ምሳው ብቻ አይኖርም። ፖስታው የእውነት ስለሆነ ማንም አይጠይቅም። አንተ ፖስታውን ላክልኝና የድሮውን ወረቀት አጥፋው። ከዚያ ዝም በል። ዝም ማለት ትችልበታለህ።

ጋሼ፣ በሕይወቴ ካንተ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው። እጅህን ይዤ ነው የምለምንህ። ጉልበትህን ይዤ ነው።

መርፌ


መጋቢት 8

ለልጄ

ሃያ ዓመት የሠራሁት ሥራ አንድ ነው፤ ሰው ከፍቶ መልሶ የዘጋውን ነገር ለይቶ ማወቅ። ሁልጊዜ ይታወቃል ብዬ አልዋሽሽም፤ የማይታወቅበት ጊዜ አለ። ከታወቀ ግን ከዚያ በኋላ የተናገርነው እውነት ሁሉ ከውሸቱ ጋር አብሮ ይወድቃል። ወንድም ጋሼ ከእውነት በቀር የቀረው መከላከያ የለም። በዚህ አልጫወትበትም።

ደግሞም አንዱን ብቻ አቅርቦ ሌላውን መደበቅ አይሆንም። ደብዳቤዎችሽን ሁሉ ከነፖስታቸው ልኬልሻለሁ። የእኔዎቹ አንቺ ጋ አሉ። "ማሽኑ ተበላሸ ይበል" ያልኩበትም ይቅረብ፤ ምክንያቱ ከወንድም ጋሼ እንደተደበቀ ስለሚያሳይ፣ አላውቅም ነበር ለማለቱ ምስክር ነው። ትናንት ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩ። መታወቂያዬን ተቀበሉኝ። ሲሸኙኝ ሦስቱም ዘበኞች ተነስተው ቆሙ፤ ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

አሁን እኔ እጅ ላይ ምንም ወረቀት የለም። ልትቀድጂም ልትሰጪም የምትችዪው አንቺ ነሽ። ይህን ሸክም በዕድሜሽ ላይ መጫኔን አውቀዋለሁ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 2

ለአጎቴ

ጤና ይስጥህ፣ ባለህበት ይጠብቅህ። ዛሬ ሰላምታውን የጻፍኩት እማዬ ስላዘዘችኝ አይደለም።

ብቻዬን መወሰን አልቻልኩም። ደብዳቤዎቹን ይዤ አባዬ ጋ ሄድኩ። በመካከላችን የሽቦ መረብ አለ፤ ጠረጴዛው ሲነካ ይወዛወዛል፤ አባዬ ከጠረጴዛው አንዱ እግር ሥር ወረቀት አጥፎ ከትቶበታል። የተሰጠን ሃያ ደቂቃ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩለት፣ ምንም ሳልዘል። በር ሲገባ ጎንበስ ይላል የሚለው ጋ ስደርስ "በሩ ዝቅ ያለ ነው" አለ።

"ያስያዝኩት እኔ ነኝ" የሚለውን ሳነብ ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም። ዘበኛው አምስት ደቂቃ ቀራችሁ አለ።

"ልኩን ከየት አገኘው?" አለኝ።

"ከእኔ።"

"በየትኛው ካሊፐር?"

"በትልቁ።"

"እጅሽን ታጥበሽ ነበር?"

"ሦስት ጊዜ።"

ራሱን ነቀነቀ። አንብቤ ስጨርስ "ሙሉውን ስጪያቸው" አለኝ። "ከመካከሉ ጎድሎ የሚወጣ ሥራ አልወድም።"

ሰጠሁ። ችሎቱ ላይ ዐቃቤ ሕጉ የምሳውን ወሬ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ በእሱ አፍ ሲነበብ ምንም አያስቅም። የታኅሣሡንም ጨመረ። "ተከሳሹ ቦምብ መሆኑ በገዛ ልጁ ሁለት ጊዜ ተነግሮታል" አለ። ዳኛዋ አባዬን "ይህን ብለዋል?" አሉት። አላልኩም ቢል የምናስተባብለው እኔና እማዬ ብቻ ነበርን፤ አናስተባብልም ነበር።

"ብያለሁ" አለ። "የሕፃን አልጋ ብረት ሲያሠሩኝም ልኩ ይጠበቅ ነው ያልኩት። ልጄ በቀን ሃያ ቀልድ ትናገራለች፤ የትኛው እውነት እንደሆነ የምለካበት መሣሪያ የለኝም።"

ሰው ሳቀ። እኔ ወንበሩን በሁለት እጄ ይዤ ነበር።

ዳኛዋ አላወቀም የሚለውን ለማመን እንደሚቀርቡ ተናገሩ። እማዬ ክንዴን ጨመቀችው። ቀጥለው ግን ቱቦዎቹ የት እንደደረሱና ምን ላይ እንደዋሉ ሳይረጋገጥ መዝገቡን መዝጋት አይቻልም አሉ። የድሮ መሥሪያ ቤትህ ለፍርድ ቤቱ መልስ ልኳል፤ ገብተን ማየት አልቻልንም ይላል። ቱቦው ገባበት የሚባለው ሀገር መጀመሪያ እናንተ ቀንሱ ብሏል። ቦምቡ ያላቸው ደግሞ መጀመሪያ አንተ ክፈት ብለዋል። ስለዚህ አባዬ የሚፈታው እነሱ ሲስማሙ ነው። አጎቴ፣ እኔ ትልልቅ ሰዎችን አውቃቸዋለሁ። በግቢያችን አጥር ከጎረቤት ጋር ለመስማማት አራት ዓመት የፈጀባቸው ናቸው፤ ያውም እዚያ አጥር ላይ ቦምብ የያዘ ሰው አልነበረም። የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ቀን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። እማዬ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውንም አየችው።

አባዬ መልእክት ልኮልሃል፤ ቃል በቃል ይኸው። "አይምጣ። ደብዳቤው ፍርድ ቤት ገብቷል፤ እግሩ እንደረገጠ እሱንም ይይዙታል። ሁለታችንም ከታሰርን ቤቱ ያለ ሰው ይቀራል። ደህና ነኝ በይው።" ይህን ካለ በኋላ ትንሽ አሰበና "ሌላም ደህና" አለ።

ጠበቃው ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ችሎት ፊት ቆሞ፣ ይህን ቱቦ የሚቀርጽ ባለሙያ ለምን እንደሆነ ሊያውቅ እንደማይችል ቢያስረዳ፣ ዳኛዋ ቱቦው እስኪገኝ ሳይጠብቁ በዋስ ሊለቁት ይችላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንድ አውቃለሁ አልኩት።

አባዬ ይህን እንዳልጽፍልህ በሽቦው ቀዳዳ ጣቴን ይዞ አስምሎኛል። ስለዚህ አልጻፍኩልህም።

የወንድምህ ልጅ
መርፌ